ሁለቱም ሰንበት

«ከግራ ቀኙ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለዎት?»

ዳኛዋ ይህን የጠየቁት ከመዝገቡ ላይ ቀና ሳይሉ ነው። ለምስክር ሁሉ የሚቀርብ ጥያቄ ስለሆነ መልሱም የታወቀ ነው፤ ምስክሩ «የለኝም» ይላል፣ ይምላል፣ ያየውን ተናግሮ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ተጠሪዋ ሰገነት ግን ያን ቀን መልሱን በጉጉት ጠበቀች። ምስክር ሆኖ የቆመው ይታያል ነበርና።

ይታያል በቢቸናና በሞጣ መካከል የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አገር የማያውቀው ነገር፣ ከስምንት ወር ወዲህ የሰገነት ስልክ በጠራ ቁጥር ልቧ ቀድሟት ወደ ስልኩ የሚሮጠው በእሱ ምክንያት መሆኑን ነው። ጥር ላይ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀረው ለአባቷ መንገር ብቻ ነው፤ ያ «ብቻ» ግን ስምንት ወር ሙሉ አልተገፋላቸውም።

ይታያል አንዴ ሰረቅ አድርጎ አያት። ከዚያ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣

«የለኝም» አለ።

«ከተጠሪዋ ከወይዘሮ ሰገነትም ጋር?»

«ምንም የለኝም፣ ክብርት ዳኛ።»

«ዝምድና የለኝም» ቢል አንድ ነገር ነው፤ እውነትም ገና ዘመድ አልሆኑም። «ምንም»ን ምን አመጣው? ሰገነት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የተቆጣ በሬ መርፌ ስትወጋ እንኳ አትሸበርም። በዚያች ቃል ግን ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች።

ከሷት እዚያ ያቆማት የቀድሞ ባሏ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ከተፋቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሱ ሞጣ ገብቶ የቢሮ ሥራ ያዘ፤ እሷ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ባንቺዓለምን ይዛ ቢቸና ቀረች። ሽማግሌዎች ያስማሟቸውና ፍርድ ቤት ያጸደቀው ወረቀት፣ አባት ልጁን «በየአሥራ አምስት ቀኑ በሰንበት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት» እንዲያይ ያዛል። መረካከቢያው መሐል መንገድ ላይ ያለችው የደብረ ወርቅ መናኸሪያ ናት።

ወረቀቱ ያማረ ነው። ሰውየው ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የመጣባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። አንዴ ቀብር አለበት፣ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ መንገድ ተዘግቶበታል፤ መንገድ ለሰው ሁሉ በተከፈተበት ቀንም ለእሱ ይዘጋል። እናትና ልጅ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ጠብቀው ጠብቀው ይመለሳሉ። አሁን ደግሞ ጭራሽ ከሳሽ ሆኖ መጣ። «ልጄን ትደብቅብኛለች፤ አሳዳሪነቱ ወደ እኔ ይዙር» ይላል።

እንዴት አድርጎ ቢሉ፣ በአንዲት ቃል ነው።

«ክብርት ዳኛ፣ ትዕዛዙ የሚለው ሰንበት ነው» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። ሲናገር ሰው ሁሉ አንገቱን ያዘነብልለታል፤ ድምፁ የማኅሌት ድምፅ ነው። «ሰንበት ደግሞ ሁለት ናት። ቀዳሚት ሰንበት አለች፣ እሑድ ሰንበት አለች፤ ሁለቱንም እናከብራለን። እኔ በቀዳሚቱ ስሄድ እሷ ሆን ብላ በእሑዱ ትመጣለች። ቀን ትሸሸኛለች።» ከዚያ ወደ ምስክሩ ዞረ። «መስከረም ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሞጣ ደብረ ወርቅ አላደረስከኝም?»

«አድርሼዎታለሁ» አለ ይታያል። «ግን—»

«ጨርሻለሁ» አለና ተቀመጠ።

ዳኛዋ «መስቀለኛ ጥያቄ አለዎት?» ብለው ወደ ሰገነት ዞሩ።

ነበራት። ከዚያች «ግን» ኋላ ያለውን መጠየቅ ነበረባት፤ ሕፃን ልጅም ይጠይቀው ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው የራሱ የይታያል ቃል ነው።

«የለኝም።»

ዳኛዋ ጥቂት ጠብቀዋት፣ ምስክሩ ለማጣሪያ እንደገና እንዲቀርብ አዝዘው ለአንድ ወር ቀጠሩ። ይታያል በር ላይ ቆሞ «ሰጊ» ሲላት፣ እንደ አጥር እንጨት ቆጥራው አለፈች። ልጇን ልትነጠቅ አንድ ወር ቀርቷት ስለ ወንድ እንባዋ መምጣቱ አሳፈራት።

*

ለቅሶው ከፍርድ ቤቱ እስከ ቤቷ ነው የቆየው። ቤት ስትደርስ ፊቷን ታጥባ ወረቀቱን አወጣችና «በሰንበት» የምትለውን ቃል ቁጭ ብላ አየቻት።

ይህችን ቃል ያስጻፉት የገዛ አባቷ ናቸው። መሪጌታ የኔሰው ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ኃይለ ጊዮርጊስ የወንበራቸው ተማሪ ነበር፤ ከተማሪዎቻቸው ሁሉ አብልጠው የወደዱት፣ ልጃቸውንም የሰጡት። ሲፋቱ ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ፤ ጸሐፊው «እሑድ» ብሎ ሲጽፍ ተቆጡት። «እሑድ የባላገር አነጋገር ነው፤ ሰንበት በል! ቃሉ ክቡር ነው።» እንዲያ በክብር የገባች ቃል ናት፤ ሰምና ወርቅ ያስተማሩት ተማሪ ለሁለት ሰንጥቆ ልጃቸው ላይ የመዘዛት።

ሰገነት ወረቀቱን አጠፈች። ጠበቃ የላት፣ ቅኔ አልተማረች። እግር ግን አላት።

«ሁለት ሰንበት ካለ፣ ሁለቱንም እሄዳለሁ» አለች ለብቻዋ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተራ ተለዋውጣ፣ የባንቺዓለምን ጸጉር ሠርታ፣ የይታያል መኪና ሳይሞላ በፊት በሌላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከሦስት ሰዓት በፊት አግዳሚው ላይ ነበሩ።

«እማዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ» አለች ልጅቱ። «የእኛ እሑድ ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም የእኛ ነው።»

ኃይለ ጊዮርጊስ አልመጣም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰገነት ልጇን ይዛ እንደ ልማዷ ወደ አባቷ ቤት ወጣች። መረካከቢያው እዚያ ያልሆነው ኃይለ ጊዮርጊስ የመምህሩን ፊት ማየት ስለከበደው ነው። እሳቸው ግን ዛሬም ጠበቃው ናቸው።

«ይመጣል» አሉ መሪጌታ፣ ባንቺዓለምን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። «መንገዱ ይሆናል። እንደዚያ የሚቀኝ ልጅ አይዋሽም።»

«አባቴ፣ ቅኔውን አላጣሁትም። ያጣሁት ሰውየውን ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ችኩል ነሽ።»

«ሦስት ዓመት ጠብቄ ችኩል ተባልኩ!» ሳቋም ቁጣዋም አንድ ላይ መጣ። «በእርስዎ ቃል ነው እኮ የከሰሰኝ። ሰንበት ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «ቃሉስ ልክ ነው» አሉ ዝግ ብለው።

«ቃሉ ልክ ነው። የሚጠብቀው ሰው ነው የጠፋው።»

ከዚያ ሌላ ወሬ አመጡ፤ ይህም የአባቶች ልማድ ነው። «ደሞ አንድ ሾፌር ጋቢና ላይ ያስቀምጥሻል ሲሉ ሰማሁ። ሾፌር በየከተማው ቤት አለው ይባላል። የየኔሰው ልጅ ለሾፌር መሳቂያ አትሆንም። ምንሽ ነው ሰውየው?»

«ምኔም አይደለም» አለች ሰገነት ሳታስብ።

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሲሰማት ክው አለች። ዳኛም፣ መሐላም፣ ግራ ቀኝም በሌለበት፣ አንድ ሽማግሌ ፊት እሷም ካደችው። ስትወቅሰው የሰነበተችበት ሁሉ ተመልሶ ፊቷ ላይ ቆመ፤ አንገቷንም ደፋች።

*

በማግስቱ እሑድም ሄዱ፤ እሑድም አባት የለም። ተራ አስከባሪው ፋንታ፣ በፉጨትና በጩኸት መኪና ሲያሰልፍ የሚውለው ሰው፣ መጥቶ አጠገቧ ቆመና ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

«ስልክ አታነሳም ብሎ ነው» አለ። «ደሞ አላነበብኩትም። ማለቴ፣ መጨረሻውን አላነበብኩትም።»

የይታያል ጽሑፍ ነበር፤ ፊደሎቹ ቁጭ ብድግ የሚሉ።

«ሰገነት፣ እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ጽሑፌ እንደማያምር ታውቂያለሽ። ያን ቅዳሜ ኃይለ ጊዮርጊስን ያደረስኩት ሰርግ ነው። ከከተማው መግቢያ ድንኳኑ በር ላይ አወረድኩት፤ መናኸሪያውን አልረገጠም፤ ልጁንም አልጠየቀም። ‹ግን› ብዬ የጀመርኩት ይህን ነበር። ጠይቂኝ ብዬ በዓይኔ ለመንኩሽ፣ አላየሽኝም።

«‹የለኝም› ያልኩት ‹አለኝ› ብል ቃሌ ለልጅቱ አይጠቅምም፣ ስምሽም አባትሽ ሳይሰሙ ሰው አፍ ይገባል ብዬ ነው። ‹ምንም› ያልኩትን ግን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ለሱ ምክንያት የለኝም፤ ማሪኝ ብቻ ነው የምልሽ። ጋቢናው ላይ ሰው አላስቀምጥም፤ ከሞጣ ስመለስ ባዶውን ነው የማመጣው። ይታያል።»

ሰገነት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባንቺዓለም «ምን ይላል?» ስትላት «ማሪኝ ይላል» አለቻት። «ታዲያ ማሪው!» አለች ልጅቱ። በእሷ ዕድሜ ነገሩ ቀላል ነው።

ሰገነት ከፋንታ እስክሪብቶ ተቀብላ በዚያው ወረቀት ጀርባ ጻፈች።

«ስሜን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ጠብቅልኝ አላልኩህም። ለልጄም እግሬ ይመሰክርላታል፤ ያንተን ቃል አልፈልገውም። ዳኛዋ ግን ያንኑ ጥያቄ መልሰው ይጠይቁሃል። እኔ የምፈልገው የዚያን መልስ ነው። እስከዚያ አታናግረኝ፤ አላናግርህም።»

አጥፋ ሰጠችው። ልቧ ግን ማናገር ፈልጎ ነበር።

*

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሞጣ የመጣ መኪና መናኸሪያው ውስጥ ቆመ። ኃይለ ጊዮርጊስ ካፖርቱን እያስተካከለ ወረደ፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው በቀጥታ ወደ ፋንታ ሄደና ጮክ ብሎ፣

«በል ወንድሜ፣ አይተህ ትመሰክራለህ፤ እናትየዋ ልጅቱን ይዛ አልመጣችም አይደል?» አለው።

«ያቻትና!» አለ ፋንታ፣ በአገጩ ወደ አግዳሚው እያሳየ።

ነገሩ ገባችሁ? ሰውየው የመጣው ባዶ አግዳሚ ሊያስመሰክር ነው። ሰገነት ቅዳሜ እንደምትመጣ አልጠረጠረም። አግዳሚው ላይ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያይ ባለበት ቀጥ አለ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ረገፈ።

«አባዬ!»

ባንቺዓለም ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። አነሳት፤ ሳማት፤ «የኔ እመቤት፣ የኔ ሰንበት» አላት። ውሸቱን አልነበረም። እጁ ላይ ስትሆን ይወዳታል፤ ችግሩ ከእጁ ላይ ስትወርድ ነው።

ሰገነት ተነስታ የልጇን ቦርሳ ሰጠችው። «እንካ። ያንተ ሰንበት ነው። እስከ አሥር ሰዓት ያንተ ናት።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሁለቱን ሰዎች አየ፣ ሰዓቱን አየ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ከአንዲት ሕፃን ጋር ምን እንደሚደረግ እንደማያውቅ ከፊቱ ይነበባል። «ዛሬ እንኳ… እነዚህን ሰዎች ይዤ መመለስ አለብኝ። ነገ ግን—»

«ነገም እንመጣለን።»

ብስኩት ገዛላት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አስቃት፤ ከዚያ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ይታያል ከማዶ በመኪናው መሪ ላይ ክንዶቹን አስደግፎ ሁሉን አይቷል። ከሰገነት ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አልመጣም፤ አታናግረኝ ብላዋለችና ቃሏን ጠበቀ። እሷም መምጣቱን የፈለገችውን ያህል አለመምጣቱን ወደደችለት።

ባንቺዓለም ብስኩቱን ሳትቀምሰው ይዛ ቆየች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«አባዬ እኔን ሲያይ ለምን ደነገጠ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሰገነት ለዚህች ልጅ ሰበብ ስትፈጥር ኖራለች፤ መኪና ተበላሽቶበት፣ ሥራ በዝቶበት፣ ዝናብ ይዞት። የዛሬው ግን ጠፋባት። «እንደምንመጣ አላወቀም ነበር» አለቻት።

«ታዲያ ለምን መጣ?»

ሰገነት ልጇን እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። ያን ጊዜ ውስጧ የነበረው ሐዘን ሳይሆን ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ይህችን ልጅ እንዲህ የሚያስጠይቃት ቃል ከዚያ ወረቀት ላይ ይወጣል፤ እሷ በሕይወት እያለች አይቆይም።

*

በቀጠሮው ቀን በመጀመሪያ የተጠራው ይታያል ነው። ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ መጥቷል።

«ባለፈው ያላለቀ ነገር ነበር» አሉ ዳኛዋ። «ከግራ ቀኙ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለዎት?»

ይታያል ቀና አለ። ሰገነትን አያት፤ ዛሬ ወለሉን አላየም።

«አለኝ።»

«ከማን ጋር?»

«ከወይዘሮ ሰገነት ጋር። እወዳታለሁ፣ ክብርት ዳኛ። ላገባት ነው፤ ካልተቀየመችኝ።»

ችሎቱ አጉረመረመ። ኃይለ ጊዮርጊስ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ይኸው! ምስክርነቱ ውድቅ ይሁንልኝ!»

ዳኛዋ በእጃቸው አስቀመጡትና ይታያልን ትክ ብለው አዩት። «ያኔ ለምን የለኝም አሉ?»

«ፈርቼ።»

«ምኑን?»

«አባቷን።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ዳኛዋም ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ። ከዚያ ፊታቸውን አጠቆሩና፣ ችሎት ፊት የሚነገር ቃል እንዲህ እንደማይቀለድበት በከባዱ ገሠጹት። «ቃሉ አይመዘገብም። ተጠሪ፣ ተቃውሞ አለዎት?»

«የለኝም» አለች ሰገነት። ይህኛው «የለኝም» ሌላ ነው፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ እየሳቀች ነው ያለችው። «ይውደቅ፣ ክብርት ዳኛ። የምፈልገውን አግኝቻለሁ። አሁን ስለ ልጄ ልናገር።»

ተነስታ ቆመች። «እኔ የቅኔ ሰው አይደለሁም። አመልካች ሰንበት ሁለት ነው አሉ፤ እሺ ብዬ ሁለቱንም ሄድኩ። በዚህ ወር ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ ከሦስት ሰዓት በፊት መናኸሪያው ላይ ነበርን፤ እሳቸው የመጡት አንዱን ቅዳሜ ብቻ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው። ተራ አስከባሪው እዚህ አለ፤ ይጠየቅ።»

ፋንታ ተጠራ። ዝምድና ወይም ጠብ ሲባል «ሰላምታ ብቻ ነው» አለ፤ ያየውንም አንድ በአንድ ተናገረ። ባዶ አግዳሚ ሊያስመሰክሩ የመጡትን ሰዎችም አልረሳም።

«አባቷን ከልጄ ላርቀው ብፈልግ ይህን ሁሉ አልመላለስም» አለች ሰገነት። «ይምጣ ነው የምለው። ያን ቅዳሜ ሲሄድ ልጄ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። መልሱን ስላላወቅሁት እዚህ አምጥቼዋለሁ፤ እሱ ይመልስላት።» ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ ዞረች። «‹አባዬ እኔን ሲያይ ለምን ደነገጠ?› አለችኝ።»

ኃይለ ጊዮርጊስ አፉን ከፈተ። ሁላችንም የምናውቀው ያ ድምፅ ሊመጣ ነው ብለው ሰዎች አንገታቸውን አዘነበሉ። ምንም አልመጣም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀቱን ገለባበጠ፤ እዚያም የለም።

«አመልካች፣ የሚሉት አለ?»

«ሰርግ ነበር የሄድኩት» አለ በጣም በቀጭን ድምፅ። «ያን ቅዳሜ፣ መስከረም ላይ። ሰርግ ነው የሄድኩት። ልጄ ትዝም አላለችኝ።» ከዚያ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አሳዳሪነቱ ከእናት ጋር ጸና። ቃሉም ተቀየረ፤ ዳኛዋ ጮክ ብለው አነበቡት። «እሑድ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት። አባት የማይመጣ ከሆነ እስከ ዓርብ ያስታውቅ፤ ሦስት ጊዜ ሳያስታውቅ ቢቀር የመጎብኘት መብቱ እንደገና ይታያል።»

ይታያል ውጭ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ተቀየምሽኝ?» አላት።

«እኔም ክጄሃለሁ» አለችው። «አባቴ ፊት። ምኔም አይደለም ብያለሁ።»

«እኩል ነን እንግዲህ።»

«ገና እኩል አይደለንም። አንተ ባደባባይ ተናግረሃል፤ እኔ ገና ነኝ።» ይህን ስትል የአባቷ ፊት ድቅን አለባት፤ ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ግን ከፍርሃቱ ጋር መሄድ እንደምትችል አወቀች።

*

እሑድ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ይታያል ሚኒባሱን ደብረ ወርቅ መናኸሪያ አስገባ። ባንቺዓለም ጋቢና ላይ በመሐላቸው ተቀምጣለች። ሰገነት እንደ ልማዷ ወደ አግዳሚው አየች፤ የምታየውን አላመነችም።

ኃይለ ጊዮርጊስ ቀድሟቸው ተቀምጧል። ብቻውን ነው። በእጁ የልጅ ኳስ ይዟል፤ እንዴት እንደሚያዝ የማያውቅ ይመስላል።

ባንቺዓለም በሩን እስኪከፍቱላት አልጠበቀችም። «አባዬ!» እያለች ስትሮጥ ተነስቶ ተቀበላት። ሰገነት ቦርሳውን ስትሰጠው ምንም ያማረ ነገር አልተናገረም። «እስከ አሥር ሰዓት» አለ ብቻ። «ምሳ ምን ነው የምትወደው?»

«ሽሮ። ቃሪያ አታስነካት።»

«እሺ።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ሰገነት አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ሦስት ዓመት የታገለችው ለዚህ ነው፤ እንዲመጣ። መጣ። ታዲያ የልጇ እጅ ከእጇ ሲወጣ እንዲህ እንደሚያም ማን ነገራት? ይታያል አጠገቧ ተቀመጠ፤ አላባበላትም። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«እስከ አሥር ሰዓት ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «አባቴ ጋ ልወስድህ ነው።»

«ዛሬ? በዚህ ሸሚዝ?»

«በዚሁ ሸሚዝ።»

ተሳፋሪውን ለሌላ መኪና አስረክቦ ተከተላት። ወደ መሪጌታ ቤት የሚወስደውን ዳገት ወጡ። ሽማግሌው ከቅዳሴ ተመልሰው አጥሩ ስር ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰገነት ጉልበታቸውን ስማ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባቴ፣ ባለፈው ዋሽቼዎታለሁ። ምኔም አይደለም ያልኩት ሾፌር ይሄ ነው። ይታያል ይባላል። እወደዋለሁ፤ ላገባው ነው። በጥር ሽማግሌ ይልካል። ቢመርቁኝ ደስ ይለኛል፤ ባይመርቁኝም ላገባው ነው።»

ይታያል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። መሪጌታ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ ነህ በየሰንበቱ የምታመላልሳቸው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ያ ተማሪዬ ሳይመጣ ሲቀር ልጄ ምን ትሆናለች?»

ይታያል ሰገነትን አየ፤ ልናገር ወይ እንደማለት። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

«የመጣ መኪና ሁሉ ሲቆም ብድግ ትላለች፣ የኔታ። ከዚያ ትቀመጣለች። ለሕፃኗ ተረት ታወራላታለች። ወደ እዚህ ስትወጣ ፊቷን ከቧንቧው ታጥባ ነው የምትመጣው፤ እርስዎ እንዳያዩባት።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ከተማው አዞሩ። ከቤታቸው እስከ መናኸሪያው ሩብ ሰዓት አይሞላም። በእነዚያ ሰንበቶች ሁሉ አንድም ቀን ወርደው አላዩም፤ «ይመጣል» ብለው እዚሁ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሰገነት ቁጣው መጣ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከዘራዬን አቀብይኝ» አሉ።

«ወዴት ነው፣ አባቴ?»

«ልጅቱን ልጠብቅ። አሥር ሰዓት ላይ አይደል የሚመልሳት?»

«ገና አራት ሰዓት እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? ሦስት ዓመት ዘግይቻለሁ።»

ተነሱና ዳገቱን ቁልቁል አዩት። ሊደገፉ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ የዘረጉት ወደ ይታያል ነበር።